የክሽክሽ ያለህ

ሰኞ ጠዋት የቤተ ሙከራውን በር ስከፍት የሳሙና ሽታ ተቀበለኝ። ስድሳዎቹ የባቄላ ችግኞች ታጥበው፣ ውሃቸው እየተንጠባጠበ ተደርድረዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ በርቷል።

“ምነው ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ተባይ ዝም ብለሽ ታያለሽ? ቅጠሉ እኮ ይርመሰመስ ነበር! አንድ በአንድ አጠብኩልሽ።”

“አመሰግናለሁ፣ እትዬ” አልኩ።

ያጠበችው የጥንዚዛዎቼን ቀለብ ነበር። ሥራዬ ጥንዚዛ ማርባት ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ከአተር ክክ የማትበልጥ። ክሽክሽ የሚባለውን የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ተባይ ትበላለች። በየጓሮው መርዝ ከመርጨት እሷን መልቀቅ ይሻላል ብለን ሁለት ዓመት ሙሉ በመረብ ሳጥን ውስጥ ተንከባክቤአቸዋለሁ። በወሩ መጨረሻ እኔ በምኖርበት ሰፈር ልንለቃቸው ነው። ጥንዚዛ የሚያረባ ሰው ግን አስቀድሞ ክሽክሽ ማርባት አለበት፤ ባቄላው ለዚያ ነበር። ቀለብ ካጡ ጥቂት ቀን ይታገሣሉ፤ ከዚያ እጮቹ እርስ በርስ ይበላላሉ።

አለቃዬ ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ሠላሳ ዓመት ተባይ ስናጠፋ ኖረን፣ ዛሬ የተባይ ያለህ እንበል?”

ደብዳቤ አስጻፉ። ጉዳዩ፦ ተባይ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የችግኝ ጣቢያ በዚያው ቀን መለሰ፦ “ድርጅታችን ከማንኛውም ተባይ ነጻ መሆኑን እየገለጽን፣ በጥርጣሬያችሁ ማዘናችንን በአክብሮት እናሳውቃለን።”

ስለዚህ በር ማንኳኳት ለእኔ ቀረ። በር ማንኳኳት አልወድም። ከውስጥ “ማነው?” ሲሉኝ መልሱ ይጠፋኛል።

ማክሰኞ አብሬያት ከምኖረው ከአክስቴ ጀመርኩ።

“አክስቴ፣ ጥቅል ጎመንሽ ላይ ክሽክሽ አለ?”

መስኮቱን ዘጋችው። “ቀስ በይ! ጎረቤት ይሰማል። እናትሽ ዩኒቨርሲቲ አስተምራ የላከችሽ ስማችንን እንድታጠፊ ነው?”

ቀጥሎ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር ዘንድ ሄድኩ።

“ማነው የላከሽ?”

“ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ።”

“ያቺ ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት! የኔ ጽጌረዳ ንጹሕ መሆኑን ንገሪያት።”

ይህን ሲሉ አንዲት ወፍራም ክሽክሽ በኮታቸው እጅጌ ላይ ትሄዳለች። ላነሣት እጄን ስዘረጋ በሩ ተዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ መምጣቴን አይታ ጽጌረዳዋን በገበር ጨርቅ ሸፍናው ጠበቀችኝ። “ብርድ እንዳይመታው ነው” አለች፤ ቀትር ላይ፣ ግንባሯን ላብ እየጠረገች።

ረቡዕ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት አንዱ እጭ ወንድሙን ከወገቡ በታች ጨርሶታል። ሳላስበው እግሬ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወሰደኝ። መርፌ በጥርሷ ይዛ ቀና አለች።

“ደግሞ መጣሽ?”

“ይቅርታ። ክሽክሽ የሚወደው የጠገበ ተክል ነው” አልኩ። “ለምለም ካልሆነ አይመቸውም። እሱን ሳልነግርሽ ነው የሄድኩት።”

መርፌዋን ከጥርሷ አወጣች። “የርእሰ መምህሩ ላይ አለ?”

“የለም ብለዋል።”

ጨርቁን በአንድ ጊዜ ገፈፈችው። እንዲህ ያለ ክሽክሽ በሕይወቴ አላየሁም፤ እንቡጡ ከነግንዱ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ይመስላል።

ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ሐሙስ ጠዋት የቤተ ሙከራው በር ላይ ሰልፍ ነበር። ርእሰ መምህሩ ክሽክሽ የወረረውን የጽጌረዳ ቅርንጫፋቸውን እንደ ሻማ ቀጥ አድርገው ይዘዋል።

“እሷ ያመጣችው ከሌላ ሰው ጓሮ የተቆረጠ ነው፤ የራሷ እንዳይመስልሽ” አሉኝ በጆሮዬ።

“ሰምቻለሁ፣ ጋሼ!” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ማክሰኞ ንጹሕ ነኝ ያሉት ሰውዬ ማን ነበሩ?”

አክስቴ ከኋላ ተጋፍታ መጣች፤ በሁለት እጇ ትልቅ ጥቅል ጎመን አቅፋለች። “የኛ ክሽክሽ ግራጫ ነው። ግራጫው አይበልጥም?”

ጥንዚዛዎቼ ዳኑ። ጠገቡ፣ እንቁላል ጣሉ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሳጥኑ ጠበባቸው። ችግሩ ሰፈሩ ክሽክሽ ማርባቱን አላቆመም። አክስቴ ለጎመኑ ሳይሆን ለክሽክሹ ብላ ፍግ ትጨምራለች። ርእሰ መምህሩ እንግዳ ሲመጣ አጉሊ መነጽር ያቀብላሉ። ለእኔ መስጠቱም ቀረ፤ ምርጥ ምርጡን ለዘር አስቀሩት።

የመልቀቂያው ቀን ደረሰ። ጥንዚዛ ሲርባት ርቃ አትበርም ስለሚባል ከዋዜማው ጀምሮ አልቀለብኳቸውም። ቤተ ሙከራው ውስጥም የቀረ ክሽክሽ አልነበረም። ሳጥኑን አቅፌ ሰፈር ስደርስ ሦስቱም በየበራቸው ቆመዋል።

“ምንድን ነው የሚበሉት?” አሉ ርእሰ መምህሩ።

“ክሽክሽ።”

“የማንን?”

“የ... የእርስዎንም፣ ጋሼ።”

“ልጄ፣ እኔ እዚህ ያደረስኩት በስንት ልፋት ነው! አውሬሽን ይዘሽ ተመለሺ።”

“የኔን ከነካሽ ዓይንሽን አላይም” አለች ልብስ ሰፊዋ።

አክስቴን አየኋት። “እኔን አትይኝ” አለች። “የሥጋ ዘመድ ዘመዱን አይበላም።”

ብመለስ በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ውስጥ የሚተርፈው አንድ ወፍራም ጥንዚዛ ብቻ እንደሚሆን አውቃለሁ። ታላላቆቼን ተቃውሜ አላውቅም። ያን ጊዜም አልተቃወምኩም። ሳጥኑን መንገዱ መሀል አስቀምጬ መረቡን ገፈፍኩት።

ፀሐዩ ሲነካቸው ተነሡ። ርእሰ መምህሩ ጽጌረዳቸው ፊት እጃቸውን ዘርግተው እንደ ግብ ጠባቂ ወዲያና ወዲህ አሉ። ጥንዚዛዎቹ በብብታቸው ሥር አለፉ። ልብስ ሰፊዋ ገበሯን ይዛ ሮጠች፤ ዘገየች።

ከዚያ ሁለቱም ወደየጽጌረዳቸው ተጠጉ። ርእሰ መምህሩ አጎንብሰው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። “አንድ” አሉ ለራሳቸው። “ሁለት... ሦስት... ኧረ ይቺ ልጅ!” ድምፃቸው አጥሩን እስኪሻገር ከፍ አለ። “የኔዋ ጥንዚዛ አሥራ አምስተኛውን ክሽክሽ በላች!”

“ወይ አለመታደል!” አለች ልብስ ሰፊዋ ከወዲያ። “የኔዋ ሃያ ሁለተኛው ላይ ናት፤ ገና አልጠገበችም!”

ባዶውን ሳጥን አንሥቼ ወደ ቤት ገባሁ። አክስቴ ጎመኗ አጠገብ ብቻዋን ቁጢጥ ብላለች።

“ለኛ አንዲት እንኳ አልደረሰችንም?” አለች፣ ቀና ሳትል።

ሳጥኑን ገልብጬ አራገፍኩት። ከማዕዘኑ አንዲት እንቅልፋም ጥንዚዛ በጀርባዋ ወደቀች፤ እግሮቿን አወራጨች። አክስቴ በሌባ ጣቷ ጫፍ አቃናቻትና ቅጠሉ ላይ አወጣቻት።

“ቀስ በይ፣ እንዳታስደነግጫት” አለችኝ። “ትብላ።”