በገጹ ላይ የሚዞረው ሙቀት

ረውዳ ደሴ ላይ ፊዚክስ ታስተምራለች። ስትደክምበት የኖረችው ጥናት ስለ አንድ ለየት ያለ የማግኔት ቁስ ነበር፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ገጹ ግን ያሳልፋል። አንዱን ጫፍ ሲያሞቁት ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ብቻ አይሄድም፤ ማግኔቱ ወደ ጎን ይገፋዋል። ረውዳ ያሰላችው ምን ያህል እንደሚገፋው ነው።

ረቂቁን መጀመሪያ ያነበበው ቢሮ የሚጋራት ሞላልኝ ነው። በጥናቱ ላይ ስሙ ከስሟ ጋር እንዲገባ ጠየቃት።

«ያልሠራኸውን እንዴት ብዬ?» አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። ረቂቁን «ደህና ነው» ብሎ መለሰላት።

ኮምቦልቻ በተዘጋጀው ጉባኤ ላይ ጥናቷን አቅርባ ስትጨርስ ሞላልኝ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ቁሱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ወደ ጎን የሚፈሰው ሙቀት መጥፋት ነበረበት። ባንቺ ስሌት ግን ይጨምራል። ከየት መጥቶ ነው?»

ረውዳ ዞር ብላ ግራፉን አየችው። ማንም ሳያሞቀው፣ ማግኔቱ ራሱ በገጹ ላይ የሚያዞረው ፍሰት አለ፤ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ሙቀት ከቦታ ቦታ አያደርስም። እሱን መቀነስ ነበረባት። ረስታዋለች።

«ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ» አለች።

«ተማሪዎችሽንም እንዲህ ነው የምታስተምሪው?»

አንዳንዶቹ ሳቁ።

ከአዳራሹ ሲወጣ ደረሰችበት። «መቼ ነው ያየኸው?»

«ረቂቁን የሰጠሽኝ ዕለት።»

«ዝም ያልከው ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«ብቻዬን እሠራለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ወላሂ፣ ካንተ ጋር አንድ መኪና አልሳፈርም» አለችና በሚኒባስ ወደ ደሴ የሚመልሰውን የሐረጎን ዳገት ወጣች። መንገዱን ሁሉ ንዴቱ አንገበገባት። ከሁሉ የባሰው እሱ ትክክል መሆኑ ነበር።

ስሌቱን ከመጀመሪያው ሠራችው። ያ ፍሰት ሲቀነስ ውጤቱ አነሰ፤ ቁሱ ሲቀዘቅዝም እንደሚገባው ወደ ዜሮ ወረደ። ጥናቱ ሲታተም ከምስጋናው መሀል አንድ መስመር ነበረ፦ «ሞላልኝ በኮምቦልቻው ጉባኤ ላይ ስህተቱን አሳይቶኛል።»

እሱ ወረቀቱን ይዞ ገባ። «ይኼው ብቻ ነው? ያለ እኔ ውጤትሽ ውሸት ነበር እኮ።»

«ነበር። ያሳየኸኝን ጽፌዋለሁ። የደበቅከኝን ግን አልጻፍኩትም፤ አመስግነኝ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ወርውሮ ወጣ። ሳይውል ሳያድር ሌላ ቢሮ ጠይቆ ተዛወረ። ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ እስካሁን ሰላም አይባባሉም።