ያልታጠበው አሸዋ

ገሠሠ የጆንያው አፍ የታሰረበትን ሲባጎ በጥርሱ ፈታና ፊቱን አዞረ። ከውስጥ የወጣው ሽታ እሱ የሚያውቀው የአሸዋ ሽታ አልነበረም፤ እንደ ከረመ እንቁላል ነው አፍንጫውን የመታው። ከሆቴሉ ጓሮ ቧንቧው ሥር ትልቁን ሳፋ ደቅኖ ውሃውን ለቀቀና እጅጌውን ሰበሰበ። ይኼ አሸዋ በቀላሉ አይጠራም ብሎ ገና ሲያየው ፈርዶበታል።

"ጋሽ ገሠሠ፣ እንዳያጥቡት" አለች አስተናጋጇ ጽናት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። "ጋሽ አፈወርቅ እንዳይታጠብ ብለዋል። ያመጣው ሾፌር ደጋግሞ ነው የነገረኝ።"

"ሳይታጠብ ምኑን አሸዋ ሆነ?"

"እኔ ምን አውቄ። የባሕር አሸዋ ነፍስ አለው፣ የቧንቧ ውሃ ከነካው ይሞታል ነው የሚሉት።"

"አሸዋ ሲሞት አይቼ አላውቅም። ቀብሩስ የት ነው?"

ጽናት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

የሆቴሉ ባለቤት አፈወርቅ የዚሁ የመሐል ሜዳ ከተማ ልጅ ነው። ጅቡቲ እየተመላለሰ በተሳቢ መኪና ያገኘውን ይዞ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሆቴሉን ከፈተ። ከዚያ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አመጣ፤ አንድ የመስታወት ገንዳ፣ በጀሪካን የተቀዳ የባሕር ውሃና በውስጡ ሦስት ዓሣ። የመንዝ ሰው ዓሣ ቢያይ የደረቀ ነው ያየው፤ በገበያ ቀን ቡና እንኳ ሳያዝ ገብቶ አፉን ከፍቶ ይመለከት ጀመር። የገንዳው ነገር ማን ላይ ይውደቅ ሲባል ማንም የማይፈልገው ሥራ ሁሉ ወደሚወድቅበት ወደ ዘበኛው ወደ ገሠሠ ወደቀ።

ሁለቱ ዓሣዎች ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የተረፈው አደይ የመሰለ ቢጫ ነው፤ ዓይኑ ላይ የተኳለ የሚመስል ጥቁር መስመር አለው። ገሠሠ መስታወቱን በጥፍሩ ሲመታ ካለበት ፈትለክ ብሎ ይመጣል። ጉበት በምላጭ ፍቆ ይሰጠዋል። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ጽናት "ይኼስ ንስሐ አባትም የለው፣ አይጾም" እያለች ትቀልዳለች። መብራት በተራ በነበረበት በዚያ ዓመት፣ ማሞቂያው በጠፋ ቁጥር ገሠሠ ከላዩ ላይ የበግ ጠጉር ባናውን ገፎ ገንዳውን ይሸፍናል፤ እሱ ግን እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ቢናገርስ ለማን ይናገራል?

ከሰሞኑ ግን ዓሣው ሲጠራ አይመጣም። ጥግ ይዞ ወደ ላይ እያንጋጠጠ ይተነፍሳል። ከሚበላው የሚተርፈውና የሚጥለው ባዶ መስታወት ላይ እየተከማቸ ውሃውን መረዘው። አፈወርቅ ጅቡቲ ላይ ዓሣውን የሸጠለትን ሰው ሲጠይቅ፣ ገንዳው አሸዋ ይፈልጋል፣ ቆሻሻውን የሚበላው አሸዋው ውስጥ ያለው ነው ተባለ። ይኸው ጆንያው መጣ። ይቺ ቢጫ ነፍስ ከሞተች ግን ገሠሠን ሲያይ የሚመጣ ሌላ ፍጥረት በዚህ ከተማ የለም።

ሳይታጠብ የሚለውን ቃል ግን መዋጥ አቃተው። ስለ አሸዋ ለሱ የሚነግረው ማን ነው? እሱን ያዋረደው አሸዋ አይደለም እንዴ?

ያኔ የደብሩ ቅጥር ሲለሰን፣ ገሠሠ ለስለቴ ነው ብሎ ከወንዝ በአህያ አሸዋ አጋዘ። ማጠብ ያስፈልጋል ያለው ሰው አልነበረም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምዕመኑ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ መምሬ መርስዔ ኃዘን ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግነው በነጠላቸው ጫፍ አሹት። ነጩ ነጠላ ጭቃ ጠጣ። መምሬ ነጠላውን ለሕዝቡ ከፍ አድርገው "ለእግዚአብሔር የሚሰጥ እንዲህ ነው? የሰጪው ልብ እዚህ ላይ ይታያል" አሉ። ሰው ሳቀ። አሸዋው መንገድ ላይ ተደፋ፤ ገሠሠ በሄደ በመጣ ቁጥር የገዛ ስለቱን እየረገጠ ከረመ። በዓመቱ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ከሱ ቤት ሊገባ ሲል "ዘንድሮ አንተን አናስቸግርህ" ብለው ለጎረቤቱ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ሰበብም አልፈለጉለት፤ ጽዋው ደጁን እያለፈ ይሄዳል። ሚስቱ ዘነበች ስትሞት መጡ፣ አለቀሱ፣ ንፍሮውን በልተው ሄዱ። ያ ነው።

ከዚያ ጀምሮ ገሠሠ አሸዋ ማጠብ ያዘ። ለግንበኞች የሚሸጠውን አሸዋ ውሃው እንደ ጠበል ኩልል እስኪል ያጥበዋል፤ ገዢ ይብቃ ቢለው አይሰማም። "አጣቢው" የሚል ስም ወጣለት። ወገቡ እምቢ ሲለው ነው ዘበኛ የሆነው።

የአፈወርቅ ሚስት አመተሥላሴ ቁልፏን እያንቃጨለች ወደ ጓሮ መጣች።

"እስካሁን አልጨረስክም? ለምሳ የደብሩ ደወል ቤት አሠሪ ኮሚቴ ይመጣል። መምሬ መርስዔ ኃዘንም አሉበት፤ ዓሣውን እናያለን ብለዋል። በደንብ እጠበውና አግባው።"

"እንዳይታጠብ ተብሏል አሉኝ እኮ፣ እትዬ።"

"አፈወርቅ በረሃ ላይ ነው፣ ስልኩም አይሠራ። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። ውሃው ደፍርሶ እንግዳ ፊት ብታሳፍረኝ ሌላ በር ፈልገህ ጠብቅ።"

ሄደች። ገሠሠ በሆዱ ደስ አለው። ማጠብ የሱ ሙያ ነው፤ ታዘዘም። ያውም መምሬ ይመጣሉ። ውሃው ሥር እንደ ጨው የነጣ አሸዋ ተነጥፎ ያዩታል፤ የማን እጅ ነው ብለው ይጠይቃሉ። ይኼን ቀን ስንት ዓመት ጠብቆታል።

አንድ እፍኝ ዘግኖ ሳፋው ውስጥ ጨመረ። ውሃው ደፈረሰ። እጁን አውጥቶ እስኪጠል ጠበቀ። ሲጠል፣ ከአሸዋው መሐል ክር የመሰለ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ትል ነው። ተጠማዘዘ፣ ተጠቀለለ፣ እንደገና ተዘረጋ፤ ከዚያ እንደ ተበጠሰ ክር ዝም ብሎ ተንሳፈፈ። አጠገቡ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀንድ አውጣ ቤቷን ተሸክማ ስትንፏቀቅ ነበር። እሷም ቆመች። ገሠሠ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት። አልተንቀሳቀሰችም።

ቧንቧው ይፈስሳል።

"ጽናት" አለ በመጨረሻ።

"አቤት?"

"የሞተ አሸዋ አየሁ።"

መጥታ ሳፋው ውስጥ አየች። ምንም አልቀለደችም። "እትዬስ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ጭልፋ አምጪልኝ።"

ቧንቧውን ዘጋ። ሳፋውን ደፋ። ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ገባና በገንዳው አጠገብ አወረደው። አሸዋውን በጭልፋ እየቀዳ ክንዱን እስከ ክርኑ ነክሮ ቀስ እያለ መስታወቱ ወለል ላይ አስቀመጠ። ቀስ ማለቱ አልረዳውም። ውሃው መጀመሪያ እንደ አጓት፣ ቀጥሎ እንደ ጠላ ሆነ። ቢጫው ዓሣ ለጥቂት ጊዜ እንደ ፋኖስ ብርሃን ብልጭ አለና ጠፋ። ገሠሠ ግን የጆንያው ቂጥ እስኪታይ አላቋረጠም።

ኮሚቴዎቹ ጫማቸውን ከጭቃ እያራገፉ ሲገቡ ክንዱ ገና ሲንጠባጠብ ነበር። ቀድመው ወደ ገንዳው የመጡት መምሬ ናቸው። አርጅተዋል፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው አዩ፣ ምንም አላዩም። የተከተሏቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ይኼማ ጎርፍ ነው ሲል ሌላው በክረምት እንኳ ወንዛችን እንዲህ አይደፈርስም አለ። አመተሥላሴ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች።

መምሬ ቀና ሲሉ ከጆንያው አጠገብ የቆመውን ሰው ለዩት።

"ገሠሠ ነህ?"

"ነኝ፣ መምሬ።"

"ዛሬም አሸዋህ አልታጠበም?"

አዳራሹ ውስጥ ያ የድሮው ሳቅ ተመልሶ መጣ፤ ገሠሠ ድምፁን ያውቀዋል፣ አንዲት ጥርስ አልጎደለችውም። ለዚህ ቀን ሊናገር ያዘጋጀው ብዙ ነገር ነበረ፤ ስለ ነጠላው፣ ስለ ጽዋው፣ ስለ ዘነበች ንፍሮ። ሌሊት ሌሊት ለብቻው ሲያወራው ሁሉም በመልክ በመልኩ የተደረደረ ነበር። አሁን ግን ዓይኑን ከገንዳው አልነቀለም፤ ያ ቢጫ ነገር በየት በኩል እንዳለ ነው የሚፈልገው።

"አልታጠበም" አለ። "አውቄ ነው።"

መምሬ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ምሳው አለፉ። አመተሥላሴ ስታልፍ በጆሮው "ማታ እንነጋገራለን" አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ይነጋገሩ። አፈወርቅ ከበረሃ እስኪወጣ አፏን የሚዘጋላት እንደሌለ ያውቃል።

ምሳው ተበላ፣ እጅ ተታጠበ፣ ወንበር ተገፋ። ኮሚቴዎቹ ሲነሱ ጽናት ወደሱ ዞር ብላ "ጋሽ ገሠሠ፣ የግቢውን በር፤ መኪናቸው ሊወጣ ነው" አለችው።

ገሠሠ የዘበኛ ዱካውን ከደጅ አስገብቶ ገንዳው አጠገብ አስቀመጠ። ተቀመጠና መስታወቱን በጥፍሩ መታ። ድፍርሱ ውሃ ዝም አለ። ባናውን ከትከሻው አውርዶ በጉልበቱ ላይ አጠፈ፤ መብራት ሊሄድ ይችላል።

"አንቺ ክፈቺላቸው" አለ። "እኔ ሰው እየጠበቅሁ ነው።"

እንደገና መታ።