ካላዘዟት የማትዞር ኤሊ

«ማውሱን እንዲህ አንቀው አይያዙት እትዬ፤ አያመልጥዎትም!»

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እትዬ ጣታቸውን ላላ አደረጉ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው እኚህ ሴትዮ የኮምፒውተር አቧራ ጠርገው እንጂ ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም። የኮምፒውተር መምህሯም የፈለገቻቸው ለዚሁ ነበር። ከሁለት የፕሮግራም ማስተማሪያ ሶፍትዌሮች አንዱን መርጣ እስከ ስድስት ሰዓት መፈረም አለባት፤ የመረጠችው ደግሞ ለሦስት ዓመት የተማሪዎቿ መማሪያ ይሆናል። ሁለቱንም አብጠርጥራ ከማወቋ የተነሣ ለጀማሪ የቱ እንደሚሻል ጠፍቷታል።

መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ የወደዱትን አሸብራቂውን ከፈተችላቸው። እትዬ አንዱን ሥዕል ጎተት ሲያደርጉት ፕሮግራሙ ራሱ ቦታው ላይ አስገባው። ከዋክብት ተበተኑ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ጎበዝ! ድንቅ ነሽ!» አለ ኮምፒውተሩ።

«ምን ሠራሁና ነው? ደግሞ ድፍረቱ፣ አንቺ ይለኛል!» እትዬ ፊታቸውን አዞሩበት።

ሁለተኛው ነጭ ገጽና አንዲት ትንሽ ኤሊ ብቻ ነው። ትእዛዝ ሲጽፉላት እያሰመረች ትሄዳለች። እትዬ የመጽሐፍ መደርደሪያ ካልሠራሁ አሉ። እያንዳንዱን ፊደል በዓይናቸው እያሰሱ «ወደፊት መቶ» ብለው ጻፉ። ደገሙት፤ ሠለሱት። ኤሊዋ ቀጥ ብላ ሄዳ ከገጹ ወጣች።

«ውይ! የት ገባች?»

«እርስዎ ነዎት ያስወጧት።»

«ጥጉ ጋ ስትደርስ ትዞራለች ብዬ ነዋ!»

«ካላዘዟት አትዞርም።»

«ቁርጥ ባለቤቴን!» ብለው እትዬ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና ጀመሩ። ወደፊት መቶ፣ ወደ ቀኝ ዘጠና ዲግሪ። አራተኛው መስመር መጥቶ ከመጀመሪያው ጋር ሲገጥም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። መምህሯም ደስታው ተጋብቶባት አብራቸው አጨበጨበች።

ጭብጨባውን የሰሙት ርዕሰ መምህር አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። «ፈረምሽ? ያ ያማረው ነው፣ አይደል?»

«ቀስ ይበሉ፤ ሁለተኛው ደርብ ይቀረኛል» አሉ እትዬ ዞር እንኳ ሳይሉ።

ርዕሰ መምህሩ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። መምህሯ ቅጹን አወጣች። በኤሊዋ ሶፍትዌር ስም አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ለምክንያት የተተወላት ዐሥር መስመር ነው፤ እሷ ግን አንዱን ብቻ ሞልታ ፈረመች፦

«ላልተሠራ ሥራ አያጨበጭብም።»