የክርስትና ስም

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ያረፈው መዝገብ እንደገና ቦግ አለ፤ ሰርካለምም ንግግሯን ካቆመችበት ቀጠለች።

በመሐል ሜዳው ኮሌጅ የማኅበራዊ ሥራ መምህርት ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለቱን ዓመት የፈጀችው ይህንን ዕቅድ በመጻፍ ነው፦ ተማሪዎች ለልምምድ ቤት ለቤት ሲዞሩ የሰውን ችግር በደብተር መሞነጫጨራቸው ቀርቶ በታብሌት እንዲመዘግቡ፣ መምህሩም ወዲያው አንብቦ እንዲያርም። ከዞን የመጡት እንግዶች ዛሬ ካጸደቁት ሃያ ታብሌት ይገዛል። ካላጸደቁት ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የአንዱ መስታወት ደግሞ ተሰንጥቋል።

«የባለጉዳዮቹ ምስጢር እንዴት ይጠበቃል?» ብለው አንዲት የዞን ኃላፊ ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ ትጠብቀው ነበር። «ስማቸው የትም አይገባም» አለች። መጀመሪያ ለየቤቱ ቁጥር ሰጥተው እንደነበር፣ ተማሪዎቹ ግን የአንዱን ቤት ቁጥር ለሌላው እየሰጡ እንዳምታቱት፣ ስለዚህ በስም ፈንታ የክርስትና ስም እንዲገባ እሷ ራሷ እንደወሰነች አስረዳች። የክርስትና ስም መታወቂያ ላይ የለም፤ ቀበሌም አያውቀውም። ደብረ ብርሃን ያደገችው ሰርካለም የራሷን እንኳ የምትሰማው እናቷ ስትጸልይ ብቻ ነበር።

ዲኑ አቶ ፈንታ በኩራት ፈገግ አሉ።

ግድግዳው ላይ እንዲህ ይላል፦ ወለተ ኢየሱስ። ዘመሮ። መንታ ሴት ልጆች አሏት። ባሏ ይደበድባታል፤ ባለፈው ወር ክንዷን ሰብሯታል። በሚመጣው ገበያ በግ ልሸጥ ብላ ወጥታ፣ ልጆቿን ይዛ እህቷ ጋ ልትገባ ቆርጣለች። ባል አያውቅም።

«ይህቺማ ጥሩሸዋ ናት» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ልምምዱ ከሚካሄድባቸው ቀበሌዎች በሽማግሌነት ከተጋበዙት አንዱ፣ የዘመሮው መምሬ መርስዔ ኃዘን ነበሩ። ድምፃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቁትን ሰው በፎቶ ያዩ ይመስሉ ነበር። «ያጠመቅኋት እኔ ነኝ፤ መንታዎቹንም። ክንዴን ላም ረግጣኝ ነው ብላኝ ነበር እኮ።»

አቶ ፈንታ በጣታቸው ቀጣዩን ገጽ አመለከቱ። ሰርካለምም ቀጣዩን ገጽ አወጣች። በኋላ ያንገበገባት ይኸው ነበር።

ዕረፍት ሲሆን መምሬን ተከትላ ወጣች። ግቢው ውስጥ ነፋሱ ጋቢያቸውን እያራገበው ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ሲከቱ ደረሰችባቸው።

«አባ፣ እባክዎን ለባሏ እንዳይነግሩ።»

«ነገርኩት እንጂ ልጄ፤ አሁን ደወልኩለት። ከሰዓት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እጅህን እንዳታነሳባት ብዬ ገዝቼዋለሁ።»

«ቢያነሳስ?»

«ግዝት ነው እኮ ያልኩሽ። ትዳር ሲፈርስ እያየሁ ዝም ብል ለፈጣሪዬ ምን እመልሳለሁ?»

«ለእርስዎ ላም ናት ያለችው እኮ፣ ልክ ይህን እንደሚያደርጉ ስለምታውቅ ነው።»

መምሬ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉና አዩዋት። ቅር ያላቸው ይመስላሉ። «እናንተ ግን ግድግዳ ላይ ሰቀላችኋት» አሉ።

ታብሌቱን ከፍታ የጥሩሸዋን ስልክ ቁጥር ፈለገች። አለ። ያለ ስልክ ቁጥር መዝገቡ እንዳይዘጋ ያደረገችው ራሷ ናት። አጠገቡ ግን፣ የመዘገበችው ምስክር የተባለች ተማሪ «የባል፤ በቤቱ ሌላ ስልክ የለም» ብላ ጽፋለች።

ወደ ቢሮ ስትመለስ አቶ ፈንታ ቆመው ጠበቋት። «እንኳን ደስ አለሽ፤ ጸድቋል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ ስለዚያ መዝገብ እርምጃ ወስደናል የሚል ወረቀት እንግዶቹ ይፈልጋሉ» አሉና አቀበሏት። ተማሪ ምስክር በሠራችው የጥንቃቄ ጉድለት ለአንድ ሴሚስተር ከልምምድ ታግዳለች ይላል።

«ምስክር እኔ ያዘዝኳትን ነው የሠራችው።»

«አውቃለሁ። አንድ ሴሚስተር ነው፣ አትሞትም። አንቺ ከወደቅሽ ግን ዕቅዱም አብሮሽ ይወድቃል። ሃያ ታብሌት ነው ሰርካለም፤ ሞኝ አትሁኚ።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሳቸው ሞኝ እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ እሷም ብትሆን ትናንት በእሳቸው ቦታ ብትቆም ይህንኑ ትል ነበር። እስክሪብቶ አነሳች። «ተማሪ ምስክር» የሚለውን ሰርዛ የራሷን ስም ከነአያቷ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። አቶ ፈንታ ምሳ ተዘጋጅቷል ሲሏት በሩ ላይ ነበረች።

መናኸሪያው ውስጥ ወደ ዘመሮ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት አገኘች። መምሬ ምሳ ሳይበሉ አይነሱም፤ ምናልባት ጥሩሸዋ ጋ ትቀድማቸው ይሆናል። ባልየው ጋ ግን ስልኩ ቀድሟታል። ለሁለት ሰው ከፍላ መኪናው እንዲነሳ አደረገች።

ረዳቱ በሩን እየዘጋ፣ «ዘመሮ ማን ጋ ነው እህቴ? በር ላይ እናወርድሻለን» አላት።

የጥሩሸዋ ስም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በመኪናው ያሉት ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ገበያ ነው» አለች።

«ገበያው ከነገ ወዲያ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።