ታችኛው መስመር

ሰፈሩ «መቀስ» ብሎ የሚጠራው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ መምህሩ ለብሶት የመጣውን ኮት ገና ሳይነካው ጉድለቱን አወቀ።

«ኮሌታው ከማጅራቴ ይሸሻል» አለ መምህሩ። «ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ ከኋላዬ ይስቃሉ። አንዱማ ‹ቲቸር፣ ኮትዎ ሊያመልጥዎ ነው› አለኝ።»

መቀስ አልሳቀም። ጣቱን በኮሌታውና በመምህሩ አንገት መካከል ሰደደ። ክፍተቱ ልክ አንድ ጣት ነበር።

«ማን ሰፋው?»

«እርስዎ ዘንድ የተማረችው፣ ጥላ የሚሏት። እጇ ወርቅ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳዋን ይዩልኝ። ግን ሦስቴ መለስኩላት፣ ሦስቴ በካውያ ስትታገለው ዋለች፣ ኮሌታው እንቢ አለ። በመጨረሻ ‹ለካውያ የሚሆን እጅ የለኝም፣ ጋሼ ዘንድ ይውሰዱት› አለችኝ። በወሩ መጨረሻ ሱቋን ልትዘጋ ነው።»

ጥላ የሚለውን ስም ያወጣላት ራሱ መቀስ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ መጥታ ከጠዋት እስከ ማታ ከኋላው ስለማትጠፋ። መጀመሪያ በዓይኗ ፍጥነት ይደሰት፣ ለደንበኛ ሁሉ ያወራላት ነበር። አንድ ቀን ግን የቆየ ደንበኛው ቀልድ መስሎት «የኔን እሷ ትቁረጠው» አለ። መቀስ አብሮ ሳቀ፤ ቃሉ ግን እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮት ጀርባ ሲያሰምር ከአንገቱ ሥር ሁለት መስመር ያሰምር ጀመር። ታችኛውን እያየችው፣ ላይኛውን ክር ልግዛ ብላ ስትወጣ። የሚቆርጠው በላይኛው ነበር። የእሷ ኮሌታ ለምን እንደሚሸሽ ስትጠይቀው «የቀረውን ካውያ ይጨርሰዋል» ይላት ነበር። አመነችው። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው የሚለውን ተረት ማን ይንገራት?

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አየችውና፣

«ምነው? አፍህ ውስጥ መርፌ የያዝክ ትመስላለህ።»

«አንዲት ልጅ በድያለሁ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ምሳውን ትቶ ኮቱን በክንዱ ይዞ ወጣ።

የጥላ ሱቅ ጠባብ ነበር፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ። ሁለት ልጃገረዶች ሥራ ይማሩ ነበር። ትንሿ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ በጠመኔ ታሰምራለች።

«አንድ ጣት ዝቅ አድርጊው» አለቻት ጥላ። «የቀረውን ካውያ ይጨርሰዋል። ጋሼ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።»

መቀስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ውሸቱ ሦስተኛ እጅ ደርሶ ነበር።

ጥላ ስታየው ደንግጣ ወንበር ሳበች። የግራ እጇ አንጓ ላይ የድሮና የአዲስ የካውያ ቃጠሎ ተደራርቧል። እርሱ አልተቀመጠም።

«ካውያሽ ምንም አላጠፋም» አለ። «መስመሩ ነው። እኔ በዚያ መስመር ቆርጬ አላውቅም። ላንቺ ዓይን ብቻ ነበር የማሰምረው።»

ትንሿ ልጅ ቀልድ መስሏት ሳቅ አለች፤ ከዚያ የጥላን ፊት አይታ ተወችው።

«ስድስት ዓመት» አለች ጥላ ቀስ ብላ፣ «እጄን ስረግም ኖርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም።»

አላወቀም። ከዚያ «አሁኑኑ አሳይሻለሁ» ብሎ ጠመኔ አነሣ። ጥላ ከጣቶቹ ወሰደችና ለትንሿ ሰጠቻት።

«ለእነሱ ያሳዩ። እኔ ዛሬ ከእርስዎ መማር አልችልም።»

መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። መቀስ ልጅቷን መራት፤ እርሷ ላይኛውን መስመር አሰመረች።

«ለምንድነው ከፍ የሚለው?» አለች ትንሿ።

አርባ ዓመት የቆረጠውን ነገር በቃል ተናግሮት አያውቅም። ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ።

«ሰው... ሲጎነብስ ጀርባው ይረዝማል። መምህር ደብተር ላይ ይጎነብሳል፣ እናት ልጅ ላይ ትጎነብሳለች። ልብሱ ቀድሞ ካልረዘመላቸው ከአንገታቸው ይሸሻል።»

ጥላ ከመስኮቱ ሳትዞር፣

«ሌላስ?» አለች። «ሌላ የዋሹኝ አለ?»

አለመመለስ ይቻል ነበር። ማንም አያውቅበትም።

«እጅጌ አገጣጠም ላይ አንድ አለ» አለ።

ጥላ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣

«ማክሰኞ ጠዋት ይምጡ።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ይምጡ ነው ያልኩት።»

ማክሰኞ ሱቆች ሳይከፈቱ ደረሰ። በሩ ዝግ ነበር፤ ከውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። አንኳኳ። መኪናው አላቋረጠም። ዳግመኛ ለማንኳኳት እጁን አንሥቶ ተወው፤ ኮፍያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ።