የእሁድ ጠዋቱ ሳክስፎን

ይቅርታ አልጠይቅም። ይህን ለሽማግሌዎቹም ነግሬያቸዋለሁ።

ሆሳዕና ከተማ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። እሁድ ጠዋት ጉባኤው እስኪሞላ ከስልኬ ክላሲካል የምከፍተውም እኔ ነበርኩ። ክላሲካል የምንለው ያው ቃል የሌለውን መዝሙር ነው፤ ሰዉ በእሱ እየታጀበ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል።

ስልኬ ውስጥ ያለው ግን መዝሙር ብቻ አይደለም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዳችን ሌላው የማያውቀውን አንድ ሙዚቃ እንልካለን። ሕጋችን አንድ ነው፦ እስከ መጨረሻው ሳትሰማ አትፈርድም። ማኅሌት የኦርቶዶክስ ልጅ ናት። የበገና መዝሙር የላከች ቀን "ይሄማ እንቅልፍ ያመጣል" ብዬ ልዘጋው ስል ሕጉ ያዘኝ፤ ስጨርሰው እንባዬ መጣ። ዱራሜ ከተማ ፎቶ ቤት ያለው ዮሲ ደግሞ ሬጌ ይልካል፣ የማሊ ጊታር ይልካል፤ አንዴ የላከው ሮክ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደርሶ ነበር። እሱንም ጨረስኩት፣ ወደድኩትም።

ባለፈው ወር ዮሲ ጃዝ ላከ። ሳክስፎን ብቻውን ቀስ ብሎ ይጀምራል። እሁድ ጠዋት አዳራሹ ሲሞላ እሱን ከፈትኩት። ተሳስቼ ነው ማለት እችል ነበር፤ አውቄ ነው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ብዙነህ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጮክ ብለው ጸልየው የማያውቁት፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አንስተው አለቀሱ። ከአምልኮ በኋላ የመዘምራን መሪያችን ጵርስቅላ እየሮጠች መጣች።

"አቢጊ፣ የማን መዝሙር ነው? ተባረኪ!"

"መዝሙር አይደለም፤ ጃዝ ነው።"

"የምን ጃዝ? የመጠጥ ቤት?"

"መጠጥ ቤትም ይጫወቱታል።"

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ። በጉባኤ ፊት ቆሜ ንስሐ እንድገባ፣ ያለበለዚያ ኪቦርዱን እንድለቅ ወሰኑ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ኪቦርድ ይዤ ነው ያደግኩት።

"እሁድ ስትሰሙት ቅዱስ ነበር" አልኳቸው። "ረቡዕ ማን አረከሰው? ጋሽ ብዙነህ፣ እርስዎ አልቅሰዋል። እሱም ኃጢአት ነበር?"

ጋሽ ብዙነህ አቀርቅረው ጫማቸውን አዩ። ኪቦርዱ ተወሰደብኝ።

በቀጣዩ እሁድ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። መዘምራኑ ያለ ኪቦርድ ዘመሩ፤ ገና ከመጀመሪያው መዝሙር ድምፃቸው ተበታተነ። ጣቶቼ ጭኔ ላይ ብቻቸውን ይጫወቱ ነበር። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ በላይ ደግሞ ከፍቶኝ ነበር።

ስንወጣ በሩ ላይ ጋሽ ብዙነህ ጠጋ አሉኝ።

"ልጄ፣ ያንን ነገር እስቲ ላኪልኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።"

አሳዘኑኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

"ንስሐዬን በጉባኤ ፊት ነበር የፈለጋችሁት። ይህንንም በጉባኤ ፊት ይጠይቁኝ፣ ጋሼ።"

ዞር ብለው ግቢውን አዩ። ሰዉ ገና እየተሰነባበተ ነው። ጵርስቅላ አለች፤ ሌሎቹም ሽማግሌዎች አሉ። ጥለውኝ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አቢጋኤል! ያንን ሳክስፎን ላኪልኝ!"

ግቢው ሁሉ ዞሮ አየን። ጵርስቅላ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

"ብሉቱዝዎን ይክፈቱ" አልኳቸው፣ እኔም ጮክ ብዬ። "ግን እስከ መጨረሻው ነው የሚሰሙት።"