ነጎድጓድ ባል ሆኖ የተጫወተ ዕለት

የትምህርት ቤቱ ክበብ ድራማውን አዘጋጅቶ ጨርሶ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ባል። ሚስት የምትሆነው የሒሳብ መምህርቷ አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ወንድም አለ። ሚስቱን የሚደበድበውን ሰውዬ ለመጫወት ግን ከወንዶቹ መምህራን አንድ ደፋር ጠፋ። ሁሉም "ነገ ተማሪው በምን ዓይኑ ያየኛል?" እያለ ሸሸ።

"አባቴ ይጫወተዋል!" አለች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ድምፁ ከሞተሩ በላይ ስለሚሰማ ሰፈሩ በሙሉ ነጎድጓድ ነው የሚለው። ልጁ ስትነግረው የጎረሰው ትን አለው።

"እኔ? ዝንብ ነክቼ የማላውቀው ሰውዬ?"

"የሚማታ ሰው በመልኩ አይታወቅም፣ አባዬ። እንደዚያ ነው የተማርነው።"

"አንተ ብቻ ሳቅህን ቻል እንጂ ድምፁስ አለህ" አለችው ሚስቱ።

ልምምዱ ሲጀመር ነገሩ ልቡን ሰቅሎ ያዘው። ቀይ መብራት ላይ ሳይቀር ቃለ ተውኔቱን ያነበንባል። አንድ ቀን "የት ነው ያመሸሽው?" ብሎ ሲያንባርቅ ከኋላው የተቀመጡት ሴትዮ ደንግጠው "ኧረ ሥራ ነበርኩ፣ ልጄ!" አሉት። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ።

ክበቡን የምትመራው የባዮሎጂ መምህርት ደንቡን አስረዳችው። ባልየው ዱላ ሲያነሳ ከተመልካቹ ማንም ሰው "ቁም!" ማለት ይችላል። እንዲያ ያለው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ በጎረቤቱ ወይም በወንድሙ ቦታ ገብቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል።

"እርስዎ ታዲያ እንዳይራሩላቸው" አለችው። "እንደዚያ ያለ ሰው የሚመልሰውን ይመልሱ።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ወንበር ያላገኘው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። ነጎድጓድ ከመጋረጃው ጀርባ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ወጣና አንድ ጊዜ ሲጮህ የፊት ወንበሮቹ ጭጭ አሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ ጉያ ውስጥ ገባች። ቢሆንም ዱላውን አነሳ።

"ቁም!"

የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ወጣና፣ ወንድም ነኝ ብሎ ነጎድጓድን በኮሌታው አንጠለጠለው። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

"እሺ፣ ደበደቡት እንበል" አለች የባዮሎጂ መምህርቷ። "አሁን ወደ ቤትዎ ሄዱ፣ በሩ ተዘጋ። ከእሷ ጋር ማን ቀረ?"

ሥጋ ሻጩ ራሱን አከከ። "ይቺንስ አላሰብኳትም።"

ቀጥለው አንዲት አሮጊት ወጡና "ቻይው፣ ልጄ፤ ትዳር እኮ ነው" አሏት ሚስቲቱን።

"ስትችል ስትችል ብትሞትስ፣ እማማ?" አለች አንዲት ተማሪ ከመሀል። አዳራሹ ታመሰ። አሮጊቷም "እኛን እንዲህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም" ብለው ወረዱ።

ከዚያ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ተነሳች። ሰላምታዋ እንኳ በሹክሹክታ የሆነ ሴት ናት። የጎረቤቱን ቦታ ይዛ በሩን አንኳኳች።

"ምን ፈለግሽ?" አለ ነጎድጓድ።

"ሚስትህን።"

"ሥራ ላይ ናት!"

"እጠብቃታለሁ።"

"የቤቴ ጉዳይ አያገባሽም!" አለ ባለ በሌለ ድምፁ። መስኮቱ ነዘረ።

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም። "ግድግዳው የጋራችን ነው። ጩኸትህን ልጆቼ ይሰሙታል፤ ስለዚህ ያገባኛል። ደግሞ ብቻዬን አልመጣሁም።" ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ጎረቤቶች! አላችሁ?"

"አለን!" አዳራሹ ብድግ አለ። "አለን! አለን!"

ነጎድጓድ ወደ አዳራሹ ዞረ። ዱላው ከእጁ ሲወድቅ እንኳ አልታወቀውም፤ የገዛ ልጁ ወንበር ላይ ቆማ ስትጮህ እያየ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሚስቲቱ ተጠጋች። "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ልውጣ ካልሽ እኔ ጋ አልጋ አለ፣ ሐኪምም ፖሊስም ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ። ዛሬ አልቻልኩም ካልሽ ነገም መጥቼ አንኳኳለሁ።"

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይስማ! ሰዉ ተቃቀፈ፣ ተሟገተ፣ አሮጊቷ ሳይቀሩ ልብስ ሰፊዋን ሳሟት። ነጎድጓድ ወንበር ሲሰበስብ ዳቦ ቤት ውስጥ የምትሸጥ አንዲት ወጣት ሴት ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ስትል አየ። የሻርፗን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

"እህቴ፣ ያ አልጋ... ለድራማው ነው?"

"አልጋውማ የእውነት ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሌላ ሳትጠይቅ እጇን ይዛ።

በዚያው የትምህርት ቤቱ ነርስ ተጨምራ ሦስቱ ፖሊስ ጣቢያ ወዳለው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ክፍል ሄዱ። በማግስቱ ሻንጣዋ ከባሏ ቤት ሲወጣ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የተሸከመላት ሥጋ ሻጩ ነው። በባሏ ላይ ክስ ተከፈተ። ዳቦ ሻጯ ዛሬም ልብስ ሰፊዋ ጋ ናት። ሁለቱ ማሽኑ አጠገብ ሲሳሳቁ ከመንገድ ይሰማል።

ነጎድጓድን ደግሞ ድራማውን እንዲጫወት ሌላ ትምህርት ቤት ጠራው። ልጁ እየዘለለች ስትነግረው አውቶቡሱን ሊያስነሳ ነበር።

"መቼ ነው?" አለ። ቁልፉን እንኳ ማዞር ረሳ።